ያየሁት ሐሳብ የማን ነው?



በዚህች ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ብዙዎቻችን በየቀኑ የምናልፍበት፥ ነገር ግን ቆም ብለን ያልመረመርነው ነው። ይኸውም አንድ ሰው ሥዕል ሲሥል፥ ጥልፍ ሲጠልፍ፥ ወይም የሱቅ ማሳያ በእጁ ሲያሰናዳ ሐሳቡን ከወዴት ያገኘዋል? ከሌላው ሰው ሥራ አይቶ ካገኘውስ ያ ሐሳብ የእርሱ ነው ወይስ የሌላው? ጥያቄው ሠዓልያንን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። ዳንቴል የምትሠራ እኅት፥ ለበዓል አዳራሽ የሚያስጌጥ ወንድም፥ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ ይገናኘዋል። እኔ ይህን የምጽፈው ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን ተሰናክዬበት ስለሆነ፥ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ነገሩ የሆነው በከተማችን በጎንደር፥ በ2015 ዓ.ም የዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። አክስቴ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ትምህርት በተዘጋ ጊዜ ሁሉ እየሄድሁ አግዛታለሁ። በዓል ሲቃረብ የሱቁን የፊት መስታወት ማሰናዳት የእኔ ድርሻ ነው። በየዓመቱ የማደርገውም አንድ ዓይነት ነበር፤ ቄጤማ እጐዘጕዛለሁ፥ አደይ አበባ በብርጭቆ አኖራለሁ፥ ከሁሉ የሚያምረውን ቀሚስ ለአሻንጉሊቷ አለብሳለሁ። በዚያ ዓመት ግን ይህ ሰለቸኝ። አዲስ ነገር ፈለግሁ፤ ፈልጌም አጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ባዶውን መስታወት እያየሁ ተቀመጥሁ።

ከእኛ አራት ሱቅ አለፍ ብሎ አንዲት አረጋዊት እናት ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። ሠፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ማታ በዚያ ሳልፍ የእርሳቸውን መስታወት አየሁና ቆምሁ። በግራ በኩል በትንሽ ሰፌድ ላይ ከነፍሬው ያለ ጥጥ፤ ቀጥሎ ባዘቶ፤ ቀጥሎ በእንዝርት ላይ የተጠቀለለ ፈትል፤ ቀጥሎ ድርና ማግ ለየብቻቸው፤ በመጨረሻም በቀኝ በኩል ያለቀለት ነጠላ ተሰቅሏል። ከጥጡ እስከ ነጠላው ድረስ አንዲት ነጭ ክር ሳትቋረጥ ታልፋለች። የተመልካች ዐይን ክሯን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ብዙ ወጪ የለበትም፥ የሚያብለጨልጭ ነገርም የለበትም፤ ሆኖም ያን ያየ ሰው የነጠላው ዋጋ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል።

በማግሥቱ ማለዳ ያንኑ ሠራሁት። ሰፌዱንም፥ ጥጡንም፥ እንዝርቱንም፥ ክሯንም ሳላስቀር። የእኛ ሱቅ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ የእርሳቸውን ሳያይ የእኛን የሚያየው ሰው ይበዛል። መንገደኛው እየቆመ አደነቀ፤ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣም ነበር። አንድ ደንበኛችን፥ «ይህን ያሰበው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔም፥ «እኔ ነኝ» አልሁት። ቃሉ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል፤ አስቤ ነው የተናገርሁት።

ከሰዓት በኋላ እማማ በዚያ አለፉ። ቆመው ትክ ብለው አዩ። እኔ በውስጥ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ገብተው ግን አልተቈጡኝም። «ልጄ፥ ድሩንና ማጉን አቀያይረኸዋል» አሉኝና ሄዱ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ድር ማለት ሸማኔው በቁመት የሚወጥረው ጠንከር ያለ ክር ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እየተላከ በአግድም የሚገባው ለስላሳው ነው። የሐበሻ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ያደግሁት እኔ ሁለቱን አልለያቸውም ነበር። ሁለት ጥቅል ክር አየሁ፤ ሁለት ጥቅል ክር አስቀመጥሁ። እማማ ቃል ሳያበዙ የነገሩኝ ይህን ነው፤ የሥራውን መልክ ወስጄዋለሁ፥ ሥራውን ግን አላውቀውም።

ያን ሌሊት ራሴን ለመከላከል ብዙ ተሟገትሁ። «እማማ ምን ጐደለባቸው? ማሳያቸው በቦታው አለ። ዐይን ያየውን ማን ይከለክለዋል? ጧፍ ከጧፍ ቢለኰስ የፊተኛው ብርሃኑ አይቀንስም። ደግሞስ ጥጥንና እንዝርትን እርሳቸው ፈለሰፏቸውን? እነዚህ የአያት የቅድመ አያት ናቸው» አልሁ። ከዚህ ሙግት ግማሹ ትክክል መሆኑን ዛሬም አምናለሁ። ካለመኖር ወደ መኖር የሚያመጣ ፈጣሪ ብቻ ነው። ሰው ፈጠረ ስንል ያለውን አይቶ፥ አጣምሮና ለውጦ ሠራ ማለታችን ነው። እናቶቻችን ስፌት ሲሰፉ አንዲቱ በአለላ ያወጣችውን መልክ ሌላይቱ አይታ በራስዋ መሶብ ላይ ታወጣዋለች። የዳንቴል ናሙና ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። እንዲህ ስላደረጉ ሌቦች ያላቸው የለም። ይህ ልማድ ባይኖር ኖሮ የእጅ ሥራ ሁሉ ከጀማሪው ጋር በተቀበረ ነበር።

ታዲያ ጥፋት ካልሠራሁ እማማ ሲያልፉ መደበቅ ለምን ወደድሁ? ነገሩን ስመረምረው በስፌት ሠሪዎቹና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት በማየቱ ላይ አልነበረም። እነርሱ ያዩትን ሲሠሩ፥ «ይህቺ ከእገሊት ቤት ያየኋት ናት» ይላሉ። ማዞሪያው የጠፋባቸው እንደ ሆነም ወስፌያቸውን ይዘው ይሄዱና፥ «እስቲ ይህችን እንዴት እንዳዞርሻት አሳዪኝ» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ግን አይቼ ዝም አልሁ፤ ዝም ስላልሁም መጠየቅ አልቻልሁም። የትኛው ድር፥ የትኛው ማግ እንደ ሆነ እማማን ብጠይቃቸው በአንድ ደቂቃ ይነግሩኝ ነበር። እንዳልጠይቅ ያደረገኝ የገዛ ስርቆቴ ነው። ደብቆ የሚወስድ ሰው ወደ ወሰደበት ቤት ተመልሶ መግባት እንደማይችል የተረዳሁት ያን ሌሊት ነው።

ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የሚማር አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ሥዕል ይሥላል። የእርሱ ነገር የእኔ ተቃራኒ ነው። ለአዳራሻችን ግድግዳ አንድ ትልቅ ሥዕል እንዲሥል ተነግሮት፥ ወረቀቱ ተወጥሮለት፥ ቀለሙም ተገዝቶለት ሦስት ወር አለፈ። «ሐሳቡ ይምጣልኝ» ይላል። የሌሎችን ሥዕል እንዲያይ ብንነግረው፥ «የሰው ሥራ ካየሁ የእኔ አይሆንም» ብሎ እምቢ አለ። ወረቀቱ አቧራ ጠጣ። እኔ በመንጠቅ አጠፋሁ፤ እርሱ በመጠበቅ አጠፋ። ሁለታችንም ግን የተሳሳትነው በአንድ ነገር ይመስለኛል፤ ሐሳብ ማለት አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው ዕቃ መሰለን። እርሱ ከራሱ ጓዳ ሊያወጣው ፈለገ፥ እኔ ከጎረቤት ጓዳ ወሰድሁት።

የማሳያውን ነገር ለእርሱ በነገርሁት ሳምንት ሁለታችን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ከልጅነታችን ጀምረን የምናውቀው ቦታ ነው፤ ሥዕሉን እንደ ሥራ አድርገን ስናይ ግን የመጀመሪያችን ነበር። በጣራው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች በመጀመሪያ ሲያዩአቸው ሁሉም አንድ ናቸው። ክንፉም፥ ፀጉሩም፥ የፊቱም ቅርጽ አንድ ነው። አንገታችን እስኪደክም ድረስ ስናይ ግን የአንዱ ዐይን ወደዚህ፥ የሌላው ወደዚያ የሚመለከት፥ አንዱ ያዘነ፥ ሌላው የሚጠይቅ እየመሰለን መጣ። ጓደኛዬ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፥ «ሠዓሊው አንዱን ፊት ደጋግሞ ነው የሣለው፤ ግን ፊቶቹ አንድ አልሆኑም» አለኝ።

የጎንደር ዘመን ሠዓልያን ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በሮም ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ጥንታዊት የእመቤታችን ሥዕል አለች። እ.ኤ.አ. በ1569 የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ የዚህችን ሥዕል ቅጂ ለማሠራት ከሮሙ ጳጳስ ፈቃድ አገኘ። ቅጂዎቹም በሚስዮናውያን እጅ ወደ ብዙ አገር ተላኩ፤ ወደ አገራችንም ደረሱ። ዛሬ በየቤታችን የምናውቃት፥ ልጅዋን በግራ ክንዷ ታቅፋ፥ ቀኝ እጅዋን በግራ እጅዋ ላይ አጣምራ፥ መሐረብ ይዛ የምትታየው የእመቤታችን ሥዕል አሣሣልዋ ከዚያች የመጣ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 ከነገሡ በኋላ ሚስዮናውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ሥዕሏ ግን አብራቸው አልወጣችም፤ የእኛ ሆና ቀረች።

እንዴት የእኛ ሆነች? ሠዓልያኑ በግራና በቀኝ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው አቆሙላት። ዐይኖችዋን አጐሉ፥ ልብስዋንም አገሩ በሚያውቀው ቀለምና ጌጥ ሣሉት። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮም በዐረብኛ የታተመ፥ ሥዕሎች ያሉበት የወንጌል መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ ነበር፤ አንዳንድ የ17ኛው መቶ ዓመት ሠዓልያን ከእርሱ እያዩ ሥለዋል። የዚያ መጽሐፍ ሥዕሎች በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ጥቁር መስመሮች ብቻ ነበሩ። ቀዩን፥ ሰማያዊውንና ቢጫውን የጨመሩት የእኛ ሰዎች ናቸው። የአሣሣል ደንባቸውንም አልተዉም፤ የጻድቁን ፊት ሁለት ዐይኑ እንዲታይ ወደ ፊት አዙረው፥ የክፉውን ፊት አንድ ዐይን ብቻ እንዲታይ በጎኑ ይሥሉት ነበር። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ቀዱ ወይስ ፈጠሩ? መልሱ ሁለቱንም ነው። ከሩቅ የመጣውን ሥራ በእጃቸው እየደጋገሙ እስኪያውቁት ድረስ ሠሩት፤ ካወቁት በኋላ ግን እንደ ፊተኛው ሆኖ አልቀረም።

ይህን ለአንድ ታላቅ ወንድማችን ባወራሁት ጊዜ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አቀረበልኝ። «የጥንት ሠዓልያን አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም፤ እንደ 15ኛው መቶ ዓመቱ ፍሬ ጽዮን ስማቸው የታወቀልን ጥቂቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው፥ ስሙም የሚጻፍለት ያሠራው ሰው ነው። እነርሱ ስለ ስም ካልተጨነቁ አንተ ስለ አንድ የሱቅ መስታወት ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ለጊዜው መልስ አጣሁ። በኋላ ግን ሁለቱ ነገር አንድ እንዳልሆነ ገባኝ። ሠዓሊው የተወው የራሱን ስም ነው። የራስን ስም መተው ትሕትና ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ነውና ቢተወውም ማንንም አይበድልም። እኔ ግን «ያሰብሁት እኔ ነኝ» ስል የተውሁት የሌላ ሰው ስም ነው፤ በቦታውም የራሴን አኖርሁበት። የእኔ ያልሆነውን ልተወው አልችልም።

ከዚህ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልቤ እየፈራ ወደ እማማ ሱቅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላሉኝም፥ አልገሠጹኝምም። ከነፍሬው ያለ ጥጥ በሰፌድ ሰጡኝና፥ «ቁጭ በልና ዳምጥ» አሉኝ። መዳመጫው ብረት እጄን አቃጠለው። ፍሬው በቀላሉ የሚወጣ መስሎኝ ነበር፤ አይወጣም። በደጋን መንደፉን፥ ባዘቶ ማውጣቱን፥ መፍተሉን ለማወቅ ብዙ ቅዳሜ ወሰደብኝ። የእኔ ፈትል ዛሬም አንዱ ቦታ ወፍራም፥ አንዱ ቦታ ቀጭን ነው። ነገር ግን አንድ የማላውቀው ነገር ሆነልኝ። ሁለት ቀን ባዶ መስታወት እያየሁ ስጠብቀው ያልመጣልኝ ሐሳብ፥ እጄ ሥራ ሲይዝ ሳልጠራው ይመጣ ጀመር።

አንድ ቀን ለአክስቴ ቀሚስ ሳጣጥፍ ጥልፉ ተገልብጦ ጀርባው ታየኝ። ከዚያ በፊት ሺህ ጊዜ አጣጥፌ አይቼው አላውቅም። በጀርባው በኩል ቋጠሮው፥ ክሩ ከአበባ ወደ አበባ የተሻገረበት፥ ጠላፊዋ ተሳስታ ፈትታ እንደ ገና የጠለፈችበት ሁሉ ይነበባል። ለጥምቀት በዓል የሱቁን መስታወት ሳሰናዳ ሁለት ቀሚስ ጎን ለጎን ሰቀልሁ፤ አንዱን በፊቱ፥ አንዱን በጀርባው። አክስቴ አየችና፥ «ልብስ ገልብጦ የሚሰቅል ነጋዴ የት አይተሃል?» አለችኝ። «የትም አላየሁም» አልኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሐፍረት የተናገርሁት ቃል ነበር። ሆኖም ሐሳቡ ከእማማ ቤት ካልመጣ አይመጣም ነበር። የሥራውን ውስጥ ማሳየትን የተማርሁት ከእርሳቸው ነው።

ስለዚህ በትንሽ ካርቶን ላይ፥ «እንዲህ ማሳየትን የተማርሁት ከጎረቤታችን ከእማማ ሱቅ ነው» ብዬ ጽፌ መስታወቱ ላይ ልለጥፍ ተነሣሁ። አክስቴ ተቈጣች። «የጥምቀት ገበያ ነው! ደንበኛዬን በእጅህ መርተህ ወደ እርሳቸው ልትልክ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በጎንደር ጥምቀት ለሐበሻ ልብስ ነጋዴ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ነው። ካርቶኑን አልለጠፍሁትም፤ ሱቁ የእርስዋ ነውና። ነገር ግን የሚጠይቀኝን ሁሉ በአፌ እንደምነግር አሳወቅኋት፤ ነገርሁም። ለአባትዋ ጋቢ ልትገዛ የገባች አንዲት ሴት ይህን ሰምታ ወጣችና ጋቢውን ከእማማ ገዛች። አክስቴ ሁለት ቀን በቅጡ አላናገረችኝም።

በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ልቤ አላረፈም። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ የእውነቱን ዋጋ የከፈለችው አክስቴ ናት። እውነት መናገር ቀላል የሚሆነው ኪሳራው በሌላ ሰው ኪስ ሲሆን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። ስለሆነም ከዚያ በኋላ በመጣው የትንሣኤ ገበያ ለአገልግሎቴ የምትሰጠኝን የኪስ ገንዘብ አልተቀበልኋትም። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቀችኝም፥ ግን የገባት ይመስለኛል። አሁን ጋቢ ሲጠየቅና ከእኛ ዘንድ ሲጠፋ ደንበኛውን ወደ እማማ የምትልከው እርስዋ ራስዋ ናት፤ እማማም ቀሚስ ፈላጊውን ወደ እኛ ይልካሉ። ይህ ባይሆንም ኖሮ ግን ያደረግሁት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እውነት ገበያ ስለሚያመጣ አይነገርምና።

እንግዲህ ወዳጆቼ፥ ወደ ጥያቄው ስመለስ፥ ያየነው ሐሳብ የማን ነው? እኔ የደረስሁበት ይህ ነው። ማየት ስርቆት አይደለም፤ እንዲያውም አላይም ብሎ ዐይኑን የሚጨፍን ሰው ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ይቀራል። አይቶ መቅዳትም የትምህርት በር ነው፤ በእጅ እየደጋገሙ የሥራውን ድርና ማግ እስኪለዩ ድረስ ከሠሩት በውስጡ የራስ የሆነ ነገር ይወለዳል። ጥፋቱ ያገኙበትን ቤት መደበቅ ነው። ይህም ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ደባቂውንም ይጐዳዋል፤ ተመልሶ መጠየቅ፥ መታረምና መማር አይችልምና።

ስለዚህ እኅቴ ሆይ፥ የጎረቤትሽ ዳንቴል ደስ ካሰኘሽ ኪሮሽሽን ይዘሽ ሂጂና አሳዪኝ በያት። ወንድሜ ሆይ፥ የሌላው አዳራሽ አጋጌጥ ካማረህ ያጌጠውን ሰው ፈልገህ ጠይቀው፤ የእናንተን አዳራሽ ስታስጌጥም ስሙን ጥራ። ጓደኛዬም ሥዕሉን ጀምሯል። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ባየው ፊት ነው የጀመረው፤ የሚጠይቀውንም ሁሉ ከዚያ እንዳየው ይነግረዋል። እስካሁን አምስት ፊት ሥሏል፤ አምስተኛው የአያቱን ፊት መምሰል ጀምሯል።

በዚህ ጉዳይ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን በደስታ እናነባለን። ከእናንተ ያየሁትን ብጠቀምበት ደግሞ ስማችሁን እጠራለሁ።